በርሜሉ ላይ ያለችው ቃል

«ማንም እንዳይከፍተው!» አለች ክዌን፣ መዳፏን በሰማያዊው በርሜል ክዳን ላይ ጭና።

በቢየን ሆዋ ከተማ ዳርቻ ባለው ጫማ ፋብሪካ፣ በሙጫ ክፍል ውስጥ ያሉት ሃያ ሁለት ሴቶች ብሩሻቸውን እንደያዙ ቀጥ አሉ። አዲሱ ሙጫ የመጣው ጠዋት ነው። አየር ማውጫው ከተበላሸ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል፤ የሶል ማሞቂያው ምድጃ ደግሞ ከበርሜሉ ሦስት እርምጃ ርቆ ቀልቶ ይግላል።

አለቃቸው ሉክ እየሮጠ መጣ። በዕድሜ ከክዌን በአሥር ዓመት ስለሚያንስ እንደ ታላቅ እህቱ ነው የሚጠራት።

«እትዬ ክዌን፣ ምን ሆነው ነው? ጫማውን የሚጭነው መኪና አሥር ሰዓት ላይ ይነሣል እኮ!»

«እዚህ ላይ የተጻፈውን አንብበኸዋል?»

«ፕሮፌሰሯን ጀመራት!» ብላ አንዷ ከኋላ ሳቀች። ክዌን በአርባ ስድስት ዓመቷ የማታ እንግሊዝኛ ከጀመረች ወዲህ እንዲህ ነው። ምሳ ላይ ሩዟን እየበላች ጠጣር፣ ፈሳሽ፣ ተሰባሪ፣ ተለጣጭ የሚሉትን ቃላት በእንግሊዝኛ ስታነበንብ «ለፈረንጅ ልትዳሪ ነው?» ይሏታል።

ሉክ ጎንበስ ብሎ አየ። እሱም ከትምህርት ቤት የተረፈችው እንግሊዝኛ አለችው።

«ኢንፍላመብል» ብሎ አነበበና ፊቱ ፈካ። «አዩ? ‹ኢን› ማለት ‹አይደለም› ማለት ነው። የማይቃጠል ነው የሚለው። ያልገባዎትን እያነበቡ ሰው አያስደንግጡ።»

ክዌን ፊቷ ጋለ። ባለፈው ሐሙስ እሷም ክፍል ውስጥ ይህንኑ ብላ ነበር። መምህሩ፣ ጡረታ የወጡ የኬሚስትሪ አስተማሪ፣ ቃሏን በቀይ አስምረው «ይቺ አታላይ ናት፤ ‹ኢን› ኖራትም አልኖራትም ያው የሚቀጣጠል ማለት ነው» አሏት።

«ተሳስተሃል» አለችው። «እሳት በቀላሉ ይይዘዋል ነው የሚለው። ከሥሩ ያለው ደግሞ መርዝ ነው ይላል።»

«በሁለት ወር ትምህርት እኔን ሊያርሙኝ?»

«እንግዲያው ክዳኑን ልክፈትልህና ያንን የኪስህን ላይተር ጫርበት። የማይቃጠል ከሆነ ምን ያስፈራሃል?»

የሉክ እጅ ወደ ደረት ኪሱ ሄደ። እዚያው ቀረ።

አሁን የሳቀ አልነበረም። ከክዌን ጎን የምትሠራው ቪ፣ የአምስት ወር እርጉዝ፣ ብሩሿን አስቀመጠች። ከዚያ ቀጣይዋ። ከዚያ ያቺ የሳቀችውም።

«ከላይ የመጣ ትእዛዝ ነው፣ እትዬ» አለ ሉክ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ ምን ላድርግ?»

«ምድጃውን አጥፋ፤ ማውጫውን አሠራ። እስከዚያ እንቀመጣለን።»

የጫማ ቁጥር የሚጻፍበትን ማርከር አነሣችና በርሜሉ ላይ፣ ሁሉም በሚያነበው በራሳቸው ቋንቋ፣ በትልልቁ ጻፈች፦ «እሳት ይይዘዋል። ይመርዛል።»

«ኧረ ያጥፉት! ሥራ አስኪያጁ መጥቶ ማን ጻፈው ቢለኝ ምን እላለሁ?»

ክዌን የማርከሩን ክዳን ልትገጥም ነበር። ተወችው። ጎንበስ ብላ ከጽሑፉ ሥር ሙሉ ስሟን ጻፈች፦ ታይ ቲ ክዌን፣ ሙጫ ክፍል።