ሃያ አምስተኛው ማልያ

የአደም ቁርጭምጭሚት የተሰበረው በሙከራው በአራተኛው ቀን ነው። የሰበረው ደግሞ የቡድኑ አምበል አንዋር ነበር።

ጊዜው የ2002 ዓ.ም. መስከረም ነው። ጨፋ ኮከብ የሚባለው የከሚሴ ክለብ በዚያ ዓመት ለተጫዋቾቹ ደመወዝ ወደሚከፈልበት ሊግ አድጎ ነበር። ሃያ አራት ሰው አስፈርሞ ጨርሷል፤ የቀረው የግራ መስመር ተከላካይ ብቻ ነው። ለዚያች ለአንዷ ቦታ ማንም ያልጠራቸው አስራ አንድ ወጣቶች ታኬታቸውን በፌስታል አንጠልጥለው መጡ። አደም ከጨፋ ሸለቆ ነው የመጣው፤ ማሽላውን ከወፍ የመጠበቁን ሥራ ለወንድሞቹ ትቶ። በድሩ የመጣው ከጨፋ ሮቢት ነው። ሁለቱም ሃያ አንድ ዓመታቸው ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን ሜዳ ላይ ተዋውቀው ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ ክፍል በጋራ ተከራዩ።

አንዋር ቦታዋን ለአክስቱ ልጅ ለሙሐመድዘይን አስቧት ነበር። ሙሐመድዘይንም ከሙከራ ተጫዋቾቹ አንዱ ነው። በአራተኛው ቀን ነባሮቹ ከአዲሶቹ ጋር ሲጋጠሙ አደም ሁለት ጊዜ ኳስ ከአንዋር እግር ላይ ነጠቀው፤ ሁለቱንም ጊዜ በንጹሕ። በአጥሩ ላይ የተደገፉ ባጃጅ ነጂዎች በአምበሉ ሳቁበት። በሦስተኛው አንዋር ኳሷን ጭራሽ አልፈለጋትም። ዘሎ በሁለት እግሩ የአደም ግራ ቁርጭምጭሚት ላይ አረፈ።

አደም ድምፁን ሰማ። የደረቀ አገዳ ሲቀነጠስ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር።

አሰልጣኙ ዓብዱልመጂድ ፊሽካውን አልነፋም። አጠር ያለ፣ አንገተ ወፍራም ሰው ነው፤ ወጣት ሳለ በተከላካይነት የታወቀ ነበር ይባላል።

«የቆመ ይጫወታል፤ ያልቆመ ዕቃውን ይሰብስብ» አለ።

አደም ቆመ። እስከ ጨዋታው ማብቂያ በአንድ እግሩ እየዘለለ፣ አንዳንዴም እየሳበ ሮጠ።

ከልምምድ በኋላ የቡድኑ ወጌሻ ሙሀመድኑር ኳስና መረብ በሚቀመጥበት ክፍል ወለል ላይ አስተኛው። በድሩ ደረቱ ላይ ተቀመጠ። ወጌሻው ያበጠውን እግር በሁለት እጁ ይዞ ሲጎትት አደም ጮኸ፤ ከዚያ የበድሩን ጭን ነከሰ። በድሩ አልተንቀሳቀሰም።

«ጀባዹ፣ ኦቦሌሳ» አለው በድሩ በኦሮምኛ፤ በርታ ወንድሜ ማለቱ ነው። «ትንሽ ነው የቀረህ።»

ወጌሻው ላቡን ጠረገና እግሩን በፋሻ ጠፍሮ አሰረው። «ይሄ ተሰንጥቋል መሰለኝ። ራጅ ያስፈልገዋል» አለ።

«ራጅ ከተነሳሁ ያባርሩኛል። በአላህ ይሁንብዎ፣ ለአሰልጣኙ አይንገሩብኝ።»

«አልነግርም። ግን አድኜሃለሁ እንዳትል። ያሰርኩልህ ብቻ ነው።»

ከዚያ ቀን በኋላ በድሩ በየማለዳው የአደምን እግር ያስር ነበር። ሱብሂ ሰግደው ሲመለሱ አደም አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ በድሩ ተንበርክኮ ፋሻውን ያጠብቅና ከላይ ሁለት ካልሲ ይደርብለታል፣ እብጠቱ እንዳይታይ። የትኛው ቦታ ሲነካ እንደሚያመው ከአደም እኩል ያውቅ ነበር። አንድ ቦታ ለሁለት እንደማትሆን ግን ሁለቱም አንስተው አያውቁም።

አሰልጣኙ ሰው የሚቀንስበት የራሱ ዘዴ ነበረው። ሜዳው ጥግ ላይ ዝናብ ያቦካው ጭቃ አለ፤ እዚያ በኖራ ክብ ያሰምራል። ሁለት ሰው ያስገባና ኳስ ይወረውርላቸዋል። ኳሷን ይዞ የወጣ ይቆያል፤ ሌላው ወደ አገሩ ይሄዳል። ጥፋት የሚባል ነገር የለም። በመጀመሪያው ቀን አንድ ልጅ ጣቱ ወልቆ ወጣ። በሁለተኛው ቀን ሁለት ልጆች ኳሷን ረስተው ተናነቁ፤ አሰልጣኙ ሁለቱንም አሰናበታቸው።

አደም ከመካነሰላም ከመጣ ረጅም ልጅ ጋር ክቡ ውስጥ ገባ። ልጁ ወዲያው እግሩን ረገጠው፤ አውቆ ይሁን ሳያውቅ አልተለየም። አደም ዓይኑ ጨለመ። የልጁን ማልያ በሁለት እጁ ጨምድዶ ወደ ራሱ ሳበና በቴስታ አፍንጫውን መታው። ልጁ ፊቱን ይዞ ጭቃው ውስጥ ተንበረከከ፤ በጣቶቹ መሀል ደም ይንጠባጠብ ነበር። አደም ኳሷን አንስቶ ወጣ። ግንባሩ ላይ የቀረውን ደም ሲጠርግ እግሩ እንዳላመመው አስተዋለ። የሰው ሕመም የሱን ያስታገሰለት ይመስል ነበር። ይህን ለበድሩ አልነገረውም።

በአስረኛው ቀን የቀሩት ሦስት ናቸው፦ አደም፣ በድሩና ሙሐመድዘይን። ሙሐመድዘይን ክቡ ውስጥ አንዴም አልገባም። አንዋርን ፈርቶ ማንም ለምን አላለም።

የመጨረሻው ጨዋታ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ከሚሴ ወሬውን ሰምታ አጥሩ ዙሪያ ሞልታለች። አሰልጣኙ አደምንና በድሩን ተቃራኒ ቡድን ውስጥ ከተታቸው፤ ሙሐመድዘይንን ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀመጠው።

«እስከ እረፍት በድሩ አጥቂ ሆኖ በአደም በኩል ይመጣል፣ አደም ይከላከላል» አለ። «ከእረፍት በኋላ ትገለበጣላችሁ። ያለፈ አለፈ፤ ያላለፈ ወደ አገሩ ይሄዳል።»

በድሩ ፈጣን ነበር። ሁለት ጊዜ አደምን አልፎት ሄደ፤ ግን ባለፈ ቁጥር በአደም ቀኝ በኩል ነበር የሚያልፈው፣ በደህናው እግር። አደም ገባው። እየራራለት ነው። ማመስገንም መናደድም አማረው።

ሃያ ደቂቃ እንደሄደ አሰልጣኙ ወደ መስመሩ ጠጋ አለ። ሕዝቡ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፦

«በድሩ፣ ግራ እግሩ እኮ የታሰረ ነው። አታይም እንዴ?» አለው።

አደም ቀና ብሎ አየው። ሰውየው እግሩ ከተሰበረበት ቀን ጀምሮ ያውቅ ነበር። በድሩም አሰልጣኙን አየ፣ ከዚያ አደምን።

«እንዳታደርገው» አለው አደም ቀስ ብሎ።

በድሩ ፊቱን አዙሮ ወደ ቦታው ተመለሰ።

በሚቀጥለው ኳስ በግራ በኩል መጣ። ኳሷን አሳልፎ ላከና ሸርተቴ ወርዶ በታኬታው ጥርስ ልክ ፋሻው የሚቋጠርበት ቦታ ላይ አገኘው። አደም በግንባሩ ተደፋ። አፉ ውስጥ ሣርና አፈር ገባ። ለመጮህ ሲሞክር ትንፋሽ አጣ። ከጀርባው «የቆመ ይጫወታል» የሚል ድምፅ ሰማ።

እጁን ተደግፎ ተነሳ። እስከ እረፍት የቀሩትን ደቂቃዎች እንዴት እንዳሳለፋቸው ኋላ ሲጠየቅ አያስታውስም ነበር። በእረፍት ሙሀመድኑር ፋሻውን ሊፈታ ሲል እጁን ገፋው።

«ልጄ፣ በቃህ» አለው ወጌሻው።

«አልበቃኝም።»

ከእረፍት በኋላ አደም አጥቂ ሆነ። መሮጥ ስለማይችል ቆሞ ጠበቀ። አስር ደቂቃም ሳይሞላ ከመሀል ሜዳ አንድ ረጅም ኳስ ተነሳች፤ በድሩ ሊመልሳት ዓይኑን ሰማይ ላይ ተክሎ ወደ ኋላ መጣ። አደም ኳሷን አላያትም። የሚያየው የበድሩን አፍ ነበር። በድሩ ሲዘል እሱም በደህናው እግሩ ዘለለና ክርኑን ባለ በሌለ ኃይሉ አሳረፈበት።

በድሩ መሬት ሳይደርስ ነው ራሱን የሳተው። አገጩ ወደ አንድ ጎን ዞሮ ቀረ። አደም ግን አልበቃውም። ላዩ ላይ ወጥቶ በቡጢ መታው፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። በሦስተኛው ጥርስ ቡጢው ውስጥ ተሰክቶ እጁን ቀደደው። አንዋር ከኋላ መጥቶ ጎኑን በእርግጫ አለው። የበድሩ ቡድን ልጆች አደምን፣ የአደም ቡድን ልጆች አንዋርን፣ ከዚያ ማን ማንን እንደሚመታ ጠፋ። ከሮቢት የመጡ የበድሩ ዘመዶች አጥሩን ዘለው ዱላ ይዘው ገቡ። አንዱ የግብ ጠባቂውን ራስ ፈነከተ። ሙሀመድኑር በድሩ ላይ ተኝቶ በገላው ጋረደው፤ በጀርባው ብዙ ዱላ ተቀበለ። ባጃጅ ነጂዎቹ ናቸው በመጨረሻ ገብተው የለያዩት። በድሩን ከባጃጃቸው በአንዱ ላይ ጭነው ወደ ሐኪም ቤት ወሰዱት፤ ራሱ ከበሩ ውጭ ይወዛወዝ ነበር።

አደም ውሃው ቧንቧ አጠገብ ተቀምጦ ደም ሲተፋ አሰልጣኙ መጣ። ከላይ ሆኖ አየው።

«እኔ እንዳንተ ያለ ተከላካይ ስፈልግ ነው የኖርኩት» አለው። «ሃያ አምስተኛው ማልያ ያንተ ነው። ሰኞ ደሴ ሂድና ራጅ ተነስተህ ና። ለምዝገባው የሐኪም ወረቀት ይጠይቁናል።»

አደም ደስ አለው። በድሩ የተጫነበት ባጃጅ ገና ከዓይኑ አልራቀም፤ እሱ ግን ደስ አለው። በኋላ፣ በድሩን ከመምታቱ ይልቅ ያፈረው በዚህ ነው።

ሰኞ ደሴ ደርሶ ማክሰኞ ጠዋት ራጁን ይዞ ሜዳ ተገኘ። አሰልጣኙ ፊልሙን ወደ ፀሐይ አንስቶ አየ። ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል። የሐኪሙ ወረቀት ስምንት ሳምንት እግሩ እንዳይረግጥ ይላል።

«ሊጉ በአስራ አምስት ቀን ይጀመራል» አለና ፊልሙን መለሰለት።

«በተሰበረ እግር ስጫወት አይተውኛል።»

«አይቻለሁ። ለቅዳሜ ይበቃ ነበር። ለዓመት ግን አይበቃም።»

«ታዲያ ቦታው?»

አሰልጣኙ በአገጩ ወደ ሜዳው አመለከተ። ሙሐመድዘይን አዲስ ማልያ ለብሶ ከአንዋር ጋር ኳስ ይቀባበላል። ቅዳሜ ኳስ አልነካም፤ ከወንበሩም አልተነሳም።

አደም እጁ መነሳቱን ያወቀው አሰልጣኙ ዓይኑን ጣል ሲያደርግበት ነው። በፋሻ የተጠቀለለ ቡጢው ትከሻው ጋ ደርሷል።

«ምታኝ» አለው ሰውየው፣ ሳይሸሽ። «የተማርከውን አሳየኝ።»

አደም ለረጅም ጊዜ እንደዚያው ቆየ። ሊመታው ፈልጎ ነበር፣ ወላሂ ፈልጎ ነበር። ግን የሰውየው ፊት ላይ ፍርሃት ሳይሆን ጉጉት አየ፤ እጁ ራሱ ወረደ። ፌስታሉን አንስቶ ከሜዳው ወጣ።

በሦስተኛው ሳምንት በክራንች ጨፋ ሮቢት ሄደ። የገበያ ቀን ነበር፤ መንገዱ በከብትና በእህል ጫኝ ተጨናንቋል። የበድሩ እናት ኡምኩልሱም በሩን ከፍታ ማንነቱን ጠየቀችው። ስሙን ነገራት። በጥፊ መታችው። ክራንቹ ሸርተት አለና ግድግዳ ይዞ ዳነ።

«ደግመው ይምቱኝ፣ እማ» አላት።

«አንድ ይበቃሃል። ግባ» አለች።

በድሩ መደብ ላይ ተቀምጧል። መንጋጋው በሽቦ ታስሯል፤ የፊት ጥርሶቹ ሁለቱ የሉም። የሚናገረው ከንፈሩን ብቻ እያነቃነቀ ነው፤ አደም ለመስማት መጠጋት ነበረበት።

«አስፈረሙህ?» አለው።

«አላስፈረሙኝም። ሙሐመድዘይንን ወሰዱ።»

በድሩ ሊስቅ ሞከረና አገጩን ያዘ።

«አሰልጣኙ ነው ያስደረገህ» አለ አደም። «እሱ ባይጮህብህ አትመታኝም ነበር። ይህን አውቃለሁ። ይህን ልነግርህ ነው የመጣሁት።»

በድሩ ራሱን ነቀነቀ።

«አይደለም። ጠዋት ጠዋት ሳስርልህም ያንን የሚያምህን ቦታ ነበር የማየው። ያልመታሁህ ሰው ያየኛል ብዬ ነው። እሱ ሲጮህ፣ ፈቃድ አገኘሁ።»

ኡምኩልሱም ውሃ በጣሳ አምጥታ መሀላቸው አስቀምጣ ወጣች። ሁለቱም አልነኩትም።

«እኔም ኳሷን አላየሁም» አለ አደም። «አፍህን ነበር የማየው።»

«አውቃለሁ» አለ በድሩ። «እኔም ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር።»

ውጭ አንድ ሰው በሬ እየነዳ በደጃፉ አለፈ። አደም የታሰረ እግሩን ዘረጋ፤ በድሩ ለልማዱ ይመስላል ጎንበስ ብሎ ፋሻውን አየና አጣመው እንዳሰሩት በጣቱ አሳየው። ግን ሊያስተካክለው እጁን አልሰደደም።

«ለከርሞ ትሞክራለህ?» ሲል ጠየቀው።

«እግሬ ከዳነ። አንተስ?»

«ኢንሻአላህ። ሌላ ክለብ ግን።» ቀጥሎም፣ «አንድ ክፍል አንከራይም» አለ።

«አንከራይም» አለ አደም።

አደም ክራንቹን ይዞ ሲነሳ በድሩ እስከ በሩ ሸኘው። ኡምኩልሱም የከሚሴ ሚኒባስ የሚቆምበትን አሳየችው፤ እሱም በከብቱ መሀል ክራንቹ የሚያርፍበትን ደረቅ መሬት እየመረጠ ሄደ።