የክላይቭን ማሞቂያ ማን ይንካው

ክላይቭ ሐሙስ ከሆስፒታል ሊወጣ ነው፤ ቤቱ ግን ለእሱ አልተዘጋጀም። ነርሷ ለልጁ ለታምሲን እቅጩን ነግራታለች፦ «በሐምሌ ብርድ ይህን ሳንባ ይዞ ቀዝቃዛ ቤት አይገባም። ቤቱ ካልሞቀ እዚሁ ይቆያል።»

ማሞቂያው ደግሞ ሰኞ ጠዋት ጠፋ። ሃያ ስድስት ዓመት ሳሎን ውስጥ ሲያጉረመርም የኖረ የጋዝ ማሞቂያ ነው፤ ከሜርቭ በቀር ማንም ነክቶት አያውቅም። ሜርቭ ቅዳሜ ቅዳሜ ከክላይቭ ጋር በሰፈሩ ክበብ ሣር ላይ የኳስ ማንከባለል ጨዋታ የሚጫወት ጓደኛው ነው። በየሚያዝያው ይመጣል፣ ይፈታዋል፣ ይገጥመዋል፣ ለድካሙ አንድ ካርቶን ቢራ ተሸክሞ ይሄዳል። ባላራት ከተማ ውስጥ ሰው የሚታመነው እንዲህ ነው፤ ወይ አንተ ታውቀዋለህ፣ ወይ የምታውቀው ሰው ያውቀዋል።

«ሜርቭ ጉልበቱን ቀዶ ጥገና ተደርጓል፣ አባዬ» አለች ታምሲን በስልክ። «መንበርከክ አይችልም።»

«እስኪድን እጠብቀዋለሁ።»

«ስድስት ሳምንት? ሆስፒታል ውስጥ?»

«ምግቡ ያን ያህል አይከፋም።»

ታምሲን ስልኩን ዘጋችው። ውሃ እስኪፈላ መጠበቅ የማይሆንላት ሰው ናት። በሰፈሩ የፌስቡክ ገጽ ላይ «ታማኝ ማሞቂያ ጠጋኝ የምታውቁ?» ብላ ጻፈች። አርባ አንድ ሰው መለሰ፤ ግማሹ የእህቱን ባል ጠቆመ።

ማክሰኞ የመጣው ወጣት መኪናው ያብረቀርቃል። እጁን ከኪሱ ሳያወጣ ማሞቂያውን ከሩቅ ተመለከተው።

«አርጅቷል። ዛሬ ከፈረምሽ ነገ አዲስ እናስገባለን።»

«ሽፋኑን አትከፍተውም?»

«ምን ያደርጋል? ልምድ አለኝ።»

«ዓይንም ያለህ መስሎኝ ነበር» አለችና በሩን ከፈተችለት።

ረቡዕ ከተጠቆሙት ጠጋኞች ሌላዋ፣ ሎሬታ፣ መጣች። ስድሳን የተጠጋች፣ አጭር፣ ጉልበቷ ላይ መከዳ ያሰረች ሴት ናት። ሽፋኑን ፈታች፣ ውስጡን የሞላውን አቧራ ጠረገች፣ በሃያ ደቂቃ እሳቱን አስነሣችው። ታምሲን ለአባቷ ልትደውል ስልኳን አወጣች።

«አስቀምጪው የኔ ቆንጆ፣ ገና አልጨረስኩም።»

ሎሬታ መስኮቱንም በሩንም ሁሉ ዘጋች፤ ከወጥ ቤቱ ምድጃ በላይ ያለውን ጭስ የሚያወጣ ማራገቢያ ከፈተች፤ ከዚያ ዝም ብላ ቁጭ አለች። ታምሲን በየደቂቃው ሰዓቷን አየች። ሩብ ሰዓት ገደማ ሲሆን ሎሬታ ማሞቂያው አጠገብ ያስቀመጠችው የመርዝ ጋዝ መለኪያ መሣሪያ መጮኽ ጀመረ።

«ማራገቢያው ከቤቱ አየር ያወጣል» አለች ሎሬታ። «ቤቱ ደግሞ ቀዳዳው ሁሉ ተደፍኗል። ስለዚህ አየሩ በማሞቂያው የጭስ መውጫ በኩል ወደ ቤት ይመለሳል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን መርዝ ይዞ። አይታይም፣ አይሸትም። ለመሆኑ ማነው እንዲህ አጥብቆ የደፈነው?»

«እኔ» አለች ታምሲን። ባለፈው ዓመት ጋዜጣ ላይ የወጣውን ምክር አንብባ፣ አባቷን እንዳይበርደው ብላ፣ ከበር ሥር እስከ መስኮት ጠርዝ በስፖንጅ ደፍናው ነበር።

«አባትሽ ራስ ምታት አለው?»

«ሰኞ ሰኞ። ቡድኑ ስለሚሸነፍ ነው ይላል።»

«እሑድ እሑድ ማራገቢያውን ከፍቶ ሥጋ የሚጠብሰውስ እሱ ነው?»

ታምሲን ሄዳ ማራገቢያውን አጠፋችው። ሎሬታ ጋዙን ዘግታ ማሞቂያው ላይ «አይለኮስ» የሚል ቀይ ወረቀት አሰረች።

«ሐሙስ እኮ ነገ ነው!»

«ነግረሽኛል። ሦስት ጊዜ።»

ታምሲን ሜርቭ ጋ ደውላ ድምፁ ለሁለቱም እንዲሰማ አደረገችና የሆነውን ነገረችው። ሜርቭ ሳቀ። «በየዓመቱ በመሣሪያ እፈትሸዋለሁ፤ አንድም ቀን ጮኾ አያውቅም። ሴትዮዋ ገበያ ቀዝቅዞባት ነው።»

«ስትፈትሸው መስኮቱ ዝግ ነበር?» አለች ሎሬታ።

«እንዴት ብሎ ይዘጋል? እኔ እየሠራሁ አጨሳለሁ፤ ክላይቭ ደግሞ የሲጋራ ሽታ ስለማይወድ መስኮቱን…»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

«ታምሲን።»

«አቤት።»

«እንዳትለኩሺው። አዲስ ማሞቂያ ሴትዮዋ ታስገባ። ለአባትሽ እኔው እነግረዋለሁ።»

ሎሬታ ከመኪናዋ ሁለት የኤሌክትሪክ ማሞቂያዎች እየጎተተች አስገባች። «እስከ ሰኞ መኝታ ቤቱን ብቻ አሙቂ፣ በሩንም ዝጊ። ሰኞ አዲሱን ስገጥም እወስዳቸዋለሁ።»

ገና ሳይመሽ ክላይቭ ከሆስፒታል ደወለ። «ሜርቭ በክራንች ተጎትቶ መጥቶ ነበር። ሳያውቅ ሊገድለኝ ትንሽ ቀርቶት እንደነበር ነገረኝ።»

«እኔም አለሁበት። ቀዳዳውን የደፈንኩት እኔ ነኝ።»

«እሱን አልነገረኝም» አለ አባቷ። «ጥሩ ጓደኛ ነው። እንግዲህ ሴትዮዋን ቅጠሪያት።»

«ቀጥሬያታለሁ።»

«ገምቼ ነበር።»

ሐሙስ ከሰዓት ነርሷ አብራ መጥታ መኝታ ቤቱ ውስጥ ቆመች፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ቴርሞሜትር አነበበች፣ ወረቀቷ ላይ ፈርማ ሄደች። ክላይቭ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ጣሪያውን ሲያይ ቆየ።

«ሞቀኝ» አለ በመጨረሻ። «እስቲ ትንሽ ቀንሺው።»

«አልነካውም» አለች ታምሲን፣ ከወንበሯ ሳትነሣ።