ተገፍታ የተነሳችው መንኮራኩር

ጋራዥ ውስጥ «አሥራ ሦስት» እያሉ የሚጠሩት መካኒክ ያቺ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጌም ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ሁለት ሸሚዝ ደርቦ ነበር። የውስጠኛው ላቡን ይጠጣል፣ የላይኛው ደርቆ ለወደፊት አማቱ ይታያል፤ ስሌቱ ይኸው ነው። ቅጽል ስሙን ያገኘው ሥራ በጀመረበት ቀን የአሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ ሞተር ውስጥ ረስቶ በመግጠሙ ነው። መኪናው እስከ ዛሬ ዳገት በወጣ ቁጥር ያቃጭላል ይባላል፤ ባለቤቱ ግን ሬዲዮው መስሎት ደስ ብሎት ይነዳል።

የመጣው ሊጫወት አይደለም። የሚወዳትን ነርስ ለማግባት ነው። ሁለት ዓመት አብረው ቆይተዋል፤ እሷም እሺ ብላዋለች። ብቻ እሺታዋ ጭራ ነበረው። «አባዬ ፊቱን አጥቁሮብኝ አልሞሸርም» ነበር ያለችው፤ «ከእሱ ሌላ ማን አለኝ? እንደ ምንም ብለህ አንተው አሳምነው።»

አባትየው ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው። በዚያ ሁሉ ዘመን ከአሥራ ሰባት መካኒኮች ጋር ተጣልተዋል። አንዱን የክሪክ ዘንግ ይዘው ሦስት ፌርማታ ድረስ አባረውታል፤ የተዉትም ተሳፋሪ ስለጠበቃቸው እንጂ አዝነውለት አይደለም። ጡረታ ሲወጡ ጉልበታቸው እንዳይተሳሰር ብላ ልጃቸው ጌም ቤት ወሰደቻቸው። ያኔ ነው ነገሩ የተበላሸው። ያንን ድስት የሚያክል፣ ሌላ ዓለም የሚያሳይ የጌም መነጽር ዓይናቸው ላይ አድርገው የመንኮራኩር መሪ ከጨበጡ ወዲህ በየቅዳሜው ህዋ ላይ ናቸው። እስካሁን አሥራ አንድ መንኮራኩር ሰብረዋል። አንዷንም «እኔ ሰበርኳት» አላሉም፤ ጥፋቱ ሁልጊዜ የመካኒኩ ነው።

ጨዋታው አራት ሰው ይፈልጋል፤ ካፒቴን፣ መሪ ያዥ፣ ተኳሽና መካኒክ። ካፒቴኗ ነርሷ ናት። መሪው የአባትየው ነው። ተኳሿ የአባትየው እህት፣ ልብስ ሰፊዋ አክስት ናቸው። መካኒክ የነበረው ባለ ጌም ቤቱ ራሱ ሲሆን፣ አሥራ አንደኛዋ ስትሰበር የሰማው ስድብ አጥንቱ ድረስ ስለገባ «እኔ ብስኩቴን እየበላሁ በቴሌቪዥኑ ባያችሁ ይሻለኛል» ብሎ ለቀቀ።

«እንግዲህ ስማ» አሉት አባትየው አሥራ ሦስትን፣ ከጫማው እስከ ፀጉሩ ገምግመውት ሲያበቁ። «ከዚህ ተነስተን የመጨረሻዋ ጣቢያ ድረስ እንሄዳለን። መንኮራኩሬ ሳትሰበር ከደረሰች፣ እሺ ብያለሁ። ከተሰበረች ግን ይህን የጋብቻ ወሬ ዳግመኛ እንዳታነሳብኝ።»

«ጨዋታ አይደለም እንዴ አባባ?»

«ለጨዋታማ ቢሆን አንተን ለምን እጠራለሁ?»

ነርሷ በዓይኗ «ዝም በል» አለችው። አክስትየው ደግሞ ጠጋ ብለው ሸሚዙን ገለጥ አደረጉና «ልጄ፣ ሁለት ለብሰሃል» አሉት። «ያውም የውስጡ ተገልብጧል።»

ጌም ቤቱ ድሮ ጫማ መሸጫ ነበር። መደርደሪያው ላይ ጫማ በነበረበት አሁን መነጽር ተደርድሮበታል፤ የጫማ ቀለም ሽታው ግን ለማንም ቦታ አልለቀቀም። ወለሉ ላይ አራት ፍራሽ መሰል ምንጣፎች ተዘርግተዋል፤ እያንዳንዱ ተጫዋች ከምንጣፉ እንዳይወርድ ግድግዳው ላይ በትልቁ ተጽፏል። ጥግ ላይ ከሥሩ ጎማ ያለው የለስላሳ ፍሪጅ ቆሟል።

አሥራ ሦስት መነጽሩን ሲያደርግ ክፍሉ ጠፋ። ቱቦ በቱቦ የሆነ፣ እንደ ቤተ መንግሥት ጓዳ ሰፊ ሞተር ክፍል ውስጥ ቆሟል። እጆቹ ነጭ ጓንት ለብሰዋል። እንዲህ ያለ ንጹሕ ሞተር አይቶ ስለማያውቅ ትንሽ ተጠራጠረ።

«ሁላችሁም ዝግጁ?» የነርሷ ድምፅ ከላይ መጣ። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሰካራምና ፕሮፌሰር እኩል የምታስተኛበት ድምፅ ነው። «መሪ ያዥ፣ ውጣ።»

«አባትሽን ነው ውጣ የምትይው?»

«እዚህ አባቴ አይደለህም። መሪ ያዥ ነህ።»

አባትየው የሌለ ስፖኪዮ አስተካከሉ፤ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጠምዝዘው በኋላ ማርሽ ከጣቢያዋ ወጡ፤ ፍሬቻ አበሩ። ከኋላቸው የነበረችው ፀሐይ ብቻ ናት። እሷንም ቅድሚያ ሰጥተው አሳለፏት። ከዚያ በኋላ በየፕላኔቱ አጠገብ ሲደርሱ ክላክስ ይነፉ ጀመር። ጨዋታው ውስጥ ክላክስ የሚባል ነገር የለም፤ ለእርዳታ መጥሪያ የተሠራች አንዲት ቢጫ ቁልፍ ናት። እሳቸው ግን ጁፒተር የምታክለዋን ሁሉ «ዘወር በይ፣ አንቺ» እያሉ ይነፉባታል።

ግማሽ መንገድ ላይ ሞተሩ ተንገጫገጨ። አሥራ ሦስት ጆሮውን ጣል አደረገ። የላላ ብሎን ነው፤ በእንቅልፍ ልቡም ያውቀዋል።

«መካኒክ፣ ምንድን ነው የሚጮኸው?» አለች ካፒቴኗ።

«ብሎን ነው። አሁን አጠብቀዋለሁ።»

እዚህ ላይ ነው ሌላ ሰው የማይሠራውን ስህተት የሠራው። አሥራ ሦስትን ያሠለጠነው ጌታው ሰባት ጣት ብቻ የነበረው ሰው ነው። የቀሩትን ሦስቱን ምን እንደበላቸው በየቀኑ ጠዋት ጠዋት እያሳየ ያስተምር ነበር። ስለዚህ አሥራ ሦስት ሞተሩን ሳያጠፋ ኮፈን ከሚከፍት ሱሪውን ገበያ መሃል ቢያወልቅ ይመርጣል። ግድግዳው ላይ እንደ መጥበሻ ትልቅ የሆነች ቀይ ማጥፊያ አየ፤ ዘወር አደረጋት።

መንኮራኩሯ ጸጥ አለች። መብራቱ ጠፋ፤ መድፉ ጠፋ፤ አየር ማናፈሻው ጠፋ። ባለ ጌም ቤቱ ብስኩቱ ትን አለው። በአራት ዓመት ውስጥ ያቺን ማጥፊያ የነካ ሰው የለም፤ ለእሱማ ለጌጥ የተሳለች ነበር የምትመስለው።

«ማን ነው ያጠፋው?» አሉ አባትየው ከጨለማው ውስጥ።

«እኔ ነኝ አባባ። ለጥንቃቄ ነው። ይኸው ብሎኑን አጠበቅኩት፤ አሁን አስነሳዋለሁ።»

አስነሺውን ጠመዘዘ። ሞተሩ ክር፣ ክር፣ ክር ብሎ ተኛ። እንደገና ሞከረ። አሁን ክር የምትለውም ጠፋች።

«ባትሪው አልቋል» አለ፣ የራሱን ድምፅ ሊያምን አልቻለም። «ባትሪውን የበላው ክላክሱ ነው።»

«ይኸውላችሁ» አሉ አባትየው። «ይህ አሥራ ስምንተኛው ነው። መካኒክ አጥፍቶ በሹፌር ያላክካል።»

«ቀይ ነጥቦች ይታዩኛል» አሉ አክስትየው በእርጋታ። «ሦስት ናቸው። እነዚያ የህዋ ዘራፊዎች መሰሉኝ። መድፌ ደግሞ አይሠራም። በመርፌ እንድወጋቸው ነው?»

አሥራ ሦስት የውጭኛው ሸሚዝም መራሱ ተሰማው። መንኮራኩሯ ከተሰበረች ነርሷ ወደ ቤቷ፣ እሱ ወደ ጋራዡ ነው፤ ሌላ መንገድ የለም።

«ሁለተኛ ማርሽ አስገብቻለሁ» አሉ አባትየው። «ፍሪሲዮን ረግጫለሁ። ውረድና ግፋ።»

«አባዬ፣ ህዋ ላይ ነን እኮ» አለች ካፒቴኗ።

«ታዲያ ዳገት የለውማ። ምን ቸገረው?»

ይሄ አሥራ ሦስትን አሳመነው። ስምንተኛ ክፍል ሳለ የሳይንስ አስተማሪው «ህዋ ላይ ነገር አንዴ ከተገፋ የሚያቆመው የለም» ብሎ ነበር። ከትምህርት የቀረው ነገር ይኸው ብቻ ስለሆነ ለዛሬ ተብሎ የተቀመጠ መሰለው። የህዋ ልብሱን ለበሰ፤ በኋላ በር ወጣ፤ መዳፎቹን መንኮራኩሯ ቂጥ ላይ ለጠፈ።

ገፋ። እጁ የያዘው ነገር ስላልነበረ በግንባሩ ሊደፋ ሲል ምንጣፉን ለቆ ሁለት እርምጃ ተንደረደረ፤ ጠንካራ ነገርም አገኘ። በመነጽሩ ያያት መንኮራኩሯን ነው። በጌም ቤቱ ውስጥ ግን የጨበጠው ፍሪጁን ነበር።

«ለሦስት ነው» አሉ አክስትየው ከመድፋቸው አጠገብ። «አንድ፣ ሁለት።»

ባለ ጌም ቤቱ ብስኩቱን ጥሎ ከወዲያ በኩል ፍሪጁን አቀፈ። «ሰውየው፣ ንብረት ነው» ይላል። አሥራ ሦስት ይገፋል፣ ባለ ጌም ቤቱ ይመልሳል፤ የአሥራ ሦስት እጅ ወደ ፊት ስላልሄደ መንኮራኩሯም ንቅንቅ አላለች።

«ከባድ ናት አባባ» አለ አሥራ ሦስት እያቃሰተ። «የምትመልሰኝም ይመስለኛል።»

«ከወገብህ ነው የሚገፋው። እናንተ መኪና ስትገፉ እንኳ ከንፈራችሁ ነው የሚሠራው።»

ይቺ ልቡ ውስጥ ገባች። ጥርሱን ነክሶ አንድ ጊዜ ሲያስረግጥ የባለ ጌም ቤቱ ነጠላ ጫማ አዳለጠው። ፍሪጁ ጠርሙሱን እያንኳኳ፣ ባለቤቱን በላዩ እንዳንጠለጠለ፣ በሩን አልፎ እግረኛ መንገድ ላይ ወጣ። ሦስት መንገደኞች ቆሙ። አንዲት ሴትዮ ፊቱ ላይ ሳጥን ያሰረ ሰው ፍሪጅ ሲዘርፍ፣ ባለ ፍሪጁም አብሮ ሲዘረፍ አየሁ ብላ እስካሁን ታወራለች።

መንኮራኩሯ ግን ሄደች። አባትየው ፍሪሲዮኑን ለቀቁ፤ አንዴ ሳለች፣ ሁለቴ ሳለች፣ ከዚያ መላ አካላቷ ተንቀጥቅጦ ተነሳች። መብራቱ ቦግ አለ። አክስትየው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ክር ወደ መርፌ እንደሚያስገባ ሰው ምላሳቸውን በከንፈራቸው ጥግ አውጥተው፣ የመጀመሪያውን ዘራፊ መሃል ለመሃል በሱት።

አሥራ ሦስት ብቻውን ጨለማው ውስጥ ቀረ። መንኮራኩሯ እያነሰች ስትሄድ ያያታል። ልብሱ ላይ «የሁለት ደቂቃ አየር» የሚል ጽሑፍ በራ።

«አባዬ፣ አቁም» አለች ካፒቴኗ። «ሰው ውጭ ቀርቷል።»

«ተገፍታ የተነሳች መኪና አትቆምም። ብትጠፋ ማን ይገፋታል? የሚገፋው ውጭ ነው።»

አሥራ ሦስት አሰበ። የተባለው «መንኮራኩሬ ሳትሰበር ከደረሰች» ነው። መካኒኩ ይድረስ የሚል ቃል የለበትም። እንዲያውም እሱ ሞቶ እሷ ብትደርስ አባትየው እሺ ማለታቸው ነው። እንዲህ ያለ ቀላል ውል በሕይወቱ አይቶ አያውቅም።

«ተዉኝ» አለ፣ በጣም በሚያሳዝን ድምፅ። «እኔን ተዉኝና ሂዱ። መንኮራኩሯ ትድረስ።»

አክስትየው አፍንጫቸውን ሲስቡ ተሰማ።

«ገብቶኛል ያሰብከው» አለች ነርሷ። «ሬሳ ሆነህ ነው የምታገባኝ?»

አባትየው ግን አልሰሟትም። መሪውን ጠበቅ አድርገው ያዙና «ሠላሳ አንድ ዓመት ስነዳ ሰው ጥዬ ሄጄ አላውቅም» አሉ። «መካኒክም ቢሆን ሰው ነው፤ ሰው ነው መሰለኝ። ስማ አንተ፤ እዞራለሁ፣ ግን አልቆምም። የኋላው በር ክፍት ነው። ስደርስ ሩጥና ተሳፈር።»

ፍሬቻ አበሩ። መንኮራኩሯ እንደ አደባባይ በአንዲት ጨረቃ ዙሪያ ታጥፋ መጣች። ሁለቱ ዘራፊዎች ከኋላዋ ይተኩሳሉ፤ አክስትየው «ቆይ፣ ጠርዝህን ልያዘው» እያሉ አንዱን ይለቅማሉ። አሥራ ሦስት የተከፈተውን በር አየ፤ እጀታውን አየ፤ ሮጠ።

ከእግረኛ መንገዱ ተነስቶ ነው የሮጠው። መንገደኞቹ ገለል አሉለት። ባለ ጌም ቤቱ «ደረጃ አለ» ብሎ ሳይጨርስ ደረጃውን ዘለለ። ያ ክፍት በር በመነጽሩ ውስጥ ፊት ለፊቱ ነበር፤ በጌም ቤቱ ውስጥ ግን እዚያ ቦታ ላይ መሪ ጨብጠው የቆሙት አባትየው ናቸው። አሥራ ሦስት ባለ በሌለ ኃይሉ ተወርውሮ የበሩን እጀታ አነቀ። ያነቀው አንገታቸውን ነበር።

ሁለቱም ምንጣፉ ላይ ተዘረሩ። መንኮራኩሯ ሹፌር አልባ ሆና፣ ግን አንዴ ተገፍታለችና፣ የመጨረሻዋን ጣቢያ በር ስታ ግድግዳዋን አገኘች። ለሁለት ተሰበረች።

መነጽር ሁሉ ወለቀ። ክፍሉ ተመልሶ ክፍል ሆነ። ቴሌቪዥኑ ላይ የመንኮራኩሯ ስብርባሪ ይንሳፈፋል።

«ተሰበረች» አለ አሥራ ሦስት፣ አባትየው ላይ እንደ ተጋደመ። «ቃል ቃል ነው አባባ። ዳግመኛ አላነሳብዎትም።»

ነርሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አባትየው ግን አንገታቸውን አሾልከው ቴሌቪዥኑን ያያሉ።

«ከሥር የተጻፈው ምን ይላል? መነጽሬ፣ ማለቴ የማንበቢያዬ፣ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ኪሴ ላይ ደግሞ ይህ ሰውዬ ተኝቷል።»

«የተረፉ፣ አራት ከአራት» ብለው አክስትየው አነበቡላቸው።

«ሁላችንም?»

«ሁላችንም። ከዚህ በፊትማ አንድም ቀን አንድ ሰው ተርፎልህ አያውቅም።»

«አንድም ሰው ካልተጎዳ» አሉ አባትየው ኮርኒሱን እያዩ፣ አደጋ መርማሪ ፊት እንደሚናገር ሰው፣ «አደጋ አይባልም። ብልሽት ነው የሚባለው። ብልሽት ደግሞ የሹፌር አይደለም፣ የመካኒክ ሥራ ነው። በቤታችን ሹፌር አለ፣ ነርስ አለች፣ ልብስ ሰፊ አለች። የሚሰደብ መካኒክ የለም።»

«አባዬ፣ አታዙረው» አለች ነርሷ፣ አሁን ወደ እሳቸው ዞራ። «እሺ ነው ወይስ እምቢ?»

«እሺ ብያለሁ። አሁን ከላዬ ውሰጂልኝ፤ አማቱ ሳልሆን ሊገድለኝ ነው።»