አንደኛ የወጣው ልጅ አባት

ሰው ልጁ ሲሳካለት ይደሰታል፤ ታከለን ግን ፍርሃት ያዘው። አሠልጣኞቹ የዞኑን ታዳጊ ኳስ ተጫዋቾች ደረጃ አውጥተው ቴሌግራም ላይ ለጠፉት። አንደኛ የሱ ልጅ ባምላኩ፣ ሁለተኛ ዘርትሁን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጅጋ ወፍጮ ቤቱ የሚመጣ ሰው ሁሉ ገና እህሉን ሳያወርድ «ያ ኳስ ተጫዋቹ ያንተ ነው አሉ?» ማለት ሆነ ሥራው። «ከዓይን ያውጣው» የሚል ግን ከስንት አንድ ነው። በሳምንቱ ባምላኩ እግሩን ወለም አለው። የታከለ ሚስት መስከረም የልጁን ቁርጭምጭሚት በቅቤ እያሸች ባሏን «ነግሬህ አልነበረም?» አለችው። ምን እንደነገረችው አልጠየቃትም፤ ገብቶታል። የልጁ እግር ቶሎ ዳነ፤ የአባቱ ልብ ግን አልዳነም።

ዛሬ ደግሞ ፍኖተ ሰላም ሜዳ ላይ ከባህር ዳር መልማይ መጥቷል። ክንፈሚካኤል ይባላል። ልጆችን ወስዶ፣ እያበላና እያስተማረ ኳስ የሚያሠለጥን ማዕከል ነው የላከው። ከዚህ ዞን የሚወስደው አንድ ልጅ ብቻ ነው። አንድ! ለዚያች አንድ ቦታ ነው እንግዲህ ከቡሬም፣ ከደምበጫም፣ ከገበዝ ማርያምም የመጣ ወላጅ ሁሉ ሜዳው ዳር ተኮልኩሎ «ያንቺ ልጅ ጎበዝ ነው»፣ «ኧረ ያንተ ይበልጣል» የሚባባለው። ሆዱን ግን እግዜር ነው የሚያውቀው።

የታከለ ሐሳብ አንዲት ሴት ላይ ነበር። እማዋይሽ ትባላለች፤ የሁለተኛው የዘርትሁን እናት ናት። የእማዋይሽ እናት ጅጋ ገበያ ሸክላ ሠርታ ትሸጥ ነበር። «ሸክላ ሠሪ ያየው አይበረክትም» ይላል ያገሩ ሰው። ታከለ ይህን ወሬ ሰው ፊት ሲሰማ «ተዉ እንጂ፣ በዚህ ዘመን!» ብሎ የሚቆጣ ሰው ነበር። አይ ታከለ! ነገር በልጅ ሲመጣ እኮ ሌላ ነው።

ጨዋታው ሊጀመር ሲል ባምላኩን ወደ አጥሩ ጥግ ወሰደው። «ስማ፣ እስከ ዕረፍት ድረስ እንዳትታይ። ኳስ ስትመጣልህ ለሌላ እየሰጠህ ሽሽ። ዓይናቸው ሌላው ላይ ይረፍ። ከዕረፍት በኋላ እንደፈለግህ ሁን።»

ልጁ ትንሽ አመነታ። ግን አባቱን እምቢ ብሎ አያውቅም። «እሺ አባባ» አለ።

እንዳለውም አደረገ። ኳሷ እግሩ ሥር ስትገባ ያቃጠለችው ይመስል ወዲያው ይለቃታል። ዘርትሁን ሁለት ጎል አገባ፤ ሜዳው በጭብጨባ ተናጋ። ታከለ ጥርሱን ነክሶ «ግድ የለም፣ ይቆያቸው» ይላል። ዳኛው ለዕረፍት ፊሽካ ሲነፋ መልማዩ ተነሣ፤ ቦርሳውን አነገተና ወደ መኪናው አመራ።

«ወዴት ነው?» አለ ታከለ አጠገቡ የቆመውን ሰው።

«ወደ ባህር ዳር ነዋ! መንገዱን አታውቀውም? ሳይመሽ ካልደረሰ ምን ሊውጠው ነው? እስከ ዕረፍት ብቻ አይቼ እሄዳለሁ ሲል አልሰማህም?»

አልሰማም። ያ ሲነገር እሱ አጥር ሥር ከልጁ ጋር ያንሾካሹክ ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ታከለ እንደ ጎረምሳ ወደ ሜዳው በር ሮጠ።

ሲደርስ እማዋይሽ ቀድማዋለች፤ የመኪናውን በር ይዛ ቆማለች። የልጇን ነገር ልታጠብቅ ነው፣ አለቀልኝ፣ አለ በልቡ።

«ጌታዬ፣ አሁን እንደነገሩኝ የኔን ልጅ መርጠዋል፣ እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች። «ግን ያ አሥር ቁጥሩ፣ የአያ ታከለ ልጅ፣ ዛሬ የራሱን ጨዋታ አልተጫወተም። ክረምቱን ሙሉ ሁለቱንም አይቻለሁ። ከኔ ልጅ ካልበለጠ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

መልማዩ ግራ ተጋባ። «እናቴ፣ ያለው እኮ አንድ ቦታ ነው።»

«አውቃለሁ። ልጄ የሰው ቦታ ይዞ ቢሄድ ግን ነገ የማፍረው እኔ ነኝ።»

ክንፈሚካኤል ወደ ታከለ ዞረ። «አባቱ እርስዎ ነዎት? ልጁ ምን ሆኖ ነው? እግሩን ያመዋል? እውነቱን ይንገሩኝ፤ ጉዳት ያለበት ልጅ አልወስድም።»

«ኧረ ደህና ነው! እኔ ነኝ ጨዋታህን ደብቅ ያልኩት።»

«ለምን?»

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ። ታከለ ውሸት ፈለገ፤ አንዲት የረባች ውሸት ጠፋችው። «ዓይን ፈርቼ ነው» አለ።

«የማንን ዓይን?»

ታከለ መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ። የእማዋይሽ እጅ ከመኪናው በር ላይ ቀስ ብሎ ወረደ።

«የኔን ነው» አለች። «የሸክላ ሠሪ ልጅ አይደለሁ? ምነው አያ ታከለ፣ ስንት ዓመት ሙሉ እርስዎ ዘንድ አይደል የማስፈጨው? በሉ ይንገሯቸው፤ ስለ ልጅዎ ሲሉ ይንገሯቸው።»

«እውነቷን ነው» አለ ታከለ። እንዲህ ያለ ኀፍረት በዕድሜው አፍሮ አያውቅም።

መልማዩ ሁለቱን እያፈራረቀ አየ፤ ከዚያ ሰዓቱን አየ። «ሩብ ሰዓት። ከዚያ በላይ አልቆይም።»

ሩብ ሰዓት ለባምላኩ በቂው ነበር። ጎሎቹን ግን አባቱ በጩኸቱ ነው ያወቃቸው፤ እሱ የሚያየው እማዋይሽን ነበር። ሜዳውን ጀርባ ሰጥታ ቆማለች። መልማዩ ሲወጣ «ሰኞ ይዘውት ይምጡ» ብሎት አለፈ። ታከለ «እሺ» አለ።

ጨዋታው ሲያልቅ ባምላኩ በላብ ርሶ መጣ። «አባባ፣ እንዳሉኝ አደረግሁ!» አለና፣ እንደ ወትሮው ሊሳለማት ወደ እማዋይሽ ሄደ። እማዋይሽ ነጠላዋን ዓይኖቿ ላይ ሳበችው።

«እንኳን ደስ አለህ ልጄ» አለች፣ ከነጠላው ሥር።

«ምነው እትዬ፣ አያዩኝም እንዴ?» አለ ልጁ እየሣቀ።

«ሂድ ልጄ» አለችው። «አባትህ ይሠጋል።»