አርባው ብሎን

የብረቱ ሕንፃ በሁለት ተሳቢ መኪና ተጭኖ የመጣው ማክሰኞ ጠዋት ነው። እኔ ከነጋ ጀምሮ በራፉ ላይ ቆሜ ነበር። አባቴ የሥራ ልብሱን ትቶ ለሰርግ የሚለብሰውን ኮት ደርቦ ወጣ።

«አባዬ፣ ልትድረው ነው እንዴ?» አልኩት።

አልሳቀም። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ፤ አባቴ በእኔ ቀልድ ሳይስቅ ቀርቶ አያውቅም።

አባቴ አናጺ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከቤታችን ጀርባ በተዘረጋ የቆርቆሮ ጥላ ሥር አልጋና ቁም ሳጥን ሲሠራ ኖሯል። ሲዘንብ ጣውላው ያብጣል፣ ፀሐይ ሲመታው ይጣመማል። እኔ በምሕንድስና ስመረቅ እናቴ ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏት ስለነበር ቤቱ ውስጥ የቀረነው አባቴ፣ ታላቅ ወንድሜና እኔ ነን። ሌላ ከተማ ያለ አንድ የሕንፃ ተቋራጭ ሊቀጥረኝ ተስማምቶ ሻንጣዬን ሳዘጋጅ፣ አባቴ የክፍሌ በር ላይ መጥቶ ቆመ።

«ከምትሄጂ፣ እዚሁ አንድ ነገር ብናቆምስ?» አለኝ።

አባቴ ሰው ለምኖ አያውቅም። ተገጣጣሚ የብረት ሕንፃ ገዝተን፣ ጥላውን አፍርሰን፣ ደንበኛ ወርክሾፕ እንድንከፍት ነበር ሐሳቡ። እሱ እንጨቱን፣ እኔ ንድፉን። «የሁለታችን ይሆናል» አለ። ለተቋራጩ አልመጣም ብዬ ጻፍኩ፤ ሻንጣዬንም መልሼ ፈታሁ።

ሰው ተገጣጣሚ ሕንፃ ሲባል እንደ ጫማ ቁጥር ነግሮ ከመደርደሪያ የሚያወርደው ይመስለዋል። የሻጩ ድርጅት ወኪል የሰጠችን ቅጽ ስድስት ገጽ ነበር። ስፋቱ ስንት ነው? ከወለሉ እስከ ጣሪያው ጠርዝ ስንት ይሁን? ነፋሱ የሚበረታው ከየት በኩል ነው? በሮቹና መስኮቶቹ በየትኛው ግድግዳ ላይ ይውጡ? ይህን ሁሉ ከሁለት ወር በላይ ስናስብበት ቆየን። አባቴ ረጅሙን ጣውላ ትከሻው ላይ አድርጎ ጓሮውን ሲዞር እኔ ከኋላው ሜትር ይዤ ተከተልኩት። ጣውላው ከማንም ጋር ሳይጋጭ እንዲዞር ስፋቱን ዐሥራ ሁለት ሜትር አልን። ርዝመቱን ሃያ አራት። እንጨቱ በፊት ገብቶ፣ ያለቀለት ዕቃ በኋላ እንዲወጣ ሁለት በር። ቀለም ሲቀባ ፀሐይ ዓይን እንዳይወጋ፣ መስኮቶቹ በሙሉ በሰሜን በኩል። ከኋላ ጥግ ላይ ደግሞ ሦስት በአራት የሆነች የንድፍ ክፍል፣ ለእኔ። አባቴ የክፍሏን ልክ በጫማው ጫፍ አፈሩ ላይ አሰመረና መሃሏ ቆመ።

«ከዚህ ሆነሽ ታዢኛለሽ» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን።

ወኪሏ አንድ ነገር ደጋግማ አስጠንቅቃን ነበር። «ፋብሪካው የመጨረሻውን ፕላን ይልክላችኋል። አንብባችሁ ትፈርማላችሁ። ከፈረማችሁ በኋላ ብረቱ ይቆረጣል፣ ቀዳዳው ይበሳል። ከዚያ ወዲያ እንኳን ሜትር፣ አንድ ጣት መቀየር የለም።»

ቅጹንና የእኔን ፕላን ይዞ ወደ ድርጅቱ የሄደው ወንድሜ ነው። ቤት ውስጥ ሊቀመንበሩ እንለዋለን፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሁለት ሰው ካገኘ ስብሰባ ይከፍታል። ስሚንቶና ቀለም በጅምላ ይነግዳል፤ ድርጅቱ ወዳለበት ከተማም ይመላለሳል።

«እኔ ልውሰደው» አለኝ። «አንቺ እንደሆንሽ ስልክ ሲጮህ ሰርቆ እንደተያዘ ሰው ነው የምትደነግጪው።»

እውነቱን ነው። ሰጠሁት።

ከዚያ የመጨረሻውን ፕላን መጠበቅ ጀመርኩ። «መጣ?» ስለው «ይመጣል» ይለኛል። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ጠየቅኩት።

«እኅቴ፣ ፋብሪካ ነው እኮ፣ ፖስታ ቤት አይደለም!»

ሦስተኛ ጊዜ መጠየቅ አፈርኩ። የወኪሏ ስልክ ቁጥር ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። አንድ ቀን የመጀመሪያዎቹን ስድስት ቁጥሮች ነክቼ ትቼዋለሁ። ጥፋቴን ልደብቅ አልፈልግም፤ ያቺን ቀን ደውዬ ቢሆን ኖሮ ይህን የምጽፍበት ምክንያት አይኖርም ነበር።

ዝናቡ ሲቃረብ አባቴ «መሠረቱን ጨርሺ እንጂ» አለኝ።

«ፕላኑ ሳይመጣ?»

«ያው አንቺ የሣልሽው አይደል?» አለና ወደ መላጊያው ዞረ።

ዐሥር ምሰሶ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ጉድጓድ። በእያንዳንዱ ጉድጓድ አርማታ ውስጥ ደግሞ ጫፋቸው ወደ ላይ የወጣ አራት ብሎን ይተከላል፤ የምሰሶውን እግር የሚይዙት እነሱ ናቸው። ባጠቃላይ አርባ ብሎን። አርማታው ሲፈስ ብሎኖቹ እንዳይዘሙ በትክክል የተበሳ የእንጨት ቅርጽ ያስፈልጋል፤ እሱን አባቴ ራሱ ሠራልኝ። እኔ ቁጥር ስጠራለት እሱ ይበሳል። በአራተኛው ቀን ከአርባዎቹ ብሎኖች መካከል ከልኩ ሁለት ሚሊሜትር የሳተ አልነበረም። ማንም ባያየኝ ኖሮ እየዘለልኩ እጨፍር ነበር።

እንግዲህ ማክሰኞ ጠዋት ልመለስ።

ከመኪናው መጀመሪያ የወረደው ዋና ገጣጣሚው ነው፤ ድምፁ ከሆዱ የሚወጣ፣ ትልቅ ሰውዬ። በብሎኖቹ መሃል አንድ ጊዜ ዞረና አፉን አጣጣመ።

«ይሄን መሠረት ማን ነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«እጅሽ ይባረክ፣ እኅቴ! እንዲህ ቀጥ ያለ ካየሁ ቆየሁ። ሌላ ቦታ የሄድን እንደሆነ ብሎኑ የሰካራም ጥርስ ነው የሚመስለው።»

ሜትሩን ዘረጋ። አነበበ። ወረቀቱን አየ። ሜትሩን ሰብስቦ እንደገና ዘረጋ።

«እኅቴ… ሌላ መሠረት አላችሁ?»

«የለንም። ምነው?»

«እንግዲያው ይሄ ሕንፃ አየር ላይ ሊቆም ነዋ! የእኔ ምሰሶ በዐሥራ አምስት ሜትር ነው የሚራራቀው፤ ያንቺ ብሎን በዐሥራ ሁለት። የእኔ ምሰሶ ስምንት ነው፤ ያንቺ ጉድጓድ ዐሥር። የእግሩ ቀዳዳም አይገጥምም። ከአርባው አንዱም አይገጥምም።»

መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው፤ የሌላ ሰው ሕንፃ ተሳስቶ መጥቶብን ነው አልኩ። እንደዚያም ነገርኩት። ሰውዬው ወረቀቱን አዙሮ አሳየኝ። ከላይ «መጋዘን» ይላል። ከታች ፊርማ አለ። ያን ፊርማ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በውጤት ካርዴ ላይ አውቀዋለሁ፤ መጨረሻው እንደ መጋዝ ጥርስ ሦስቴ የሚታጠፍ። ቀኑም አለ። መሠረቱን ከመሙላታችን ዐሥራ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ።

አባቴ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ቆሟል። በእጁ የኮቱን ቁልፍ ይዟል።

«አባዬ፣ ይሄ ያንተ ፊርማ ነው?»

«እንዳይከፋሽ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

በቤታችን ክፉ ወሬ አይነገርም፤ ራሱ ይደርሳል። የእናቴን ሕመም ስሙን የነገሩኝ ፈተና ጨርሼ ስመጣ ነው። ስለዚህ ነገሩ አዲስ አልሆነብኝም። አንድ ነገር ብቻ ማወቅ ፈለግኩ።

«የእንጨት ቅርጹን ስትሠራልኝ ታውቅ ነበር?»

የኮቱን ቁልፍ ፈትቶ መልሶ ቆለፈው።

«እኔ ስጠራልህ፣ አንተ አርባውን ቀዳዳ ስትበሳ፣ ታውቅ ነበር?»

«መሠረት ያው መሠረት ነው ብዬ ነዋ! ዕቃው ሲመጣ እያየን እናስተካክለዋለን፣ የተረፈውን እንልገዋለን፣ ያነሰውን እንቀጥለዋለን ብዬ…»

«አባት፣» አለ ገጣጣሚው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይሄ እንጨት አይደለም።»

ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነበር። አባቴ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ስሕተቱን በመላጊያ ሲያርም የኖረ ሰው ነው። ፊት ለፊቴ ቆሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ከሚነግረኝ፣ ለማይመጣ ሕንፃ ዐሥር ጉድጓድ ባስቆፍር መረጠ።

በዚህ መሃል ሊቀመንበሩ ከሱቁ ደረሰ። ሁላችንም ቆመን ሲያይ እንደ ልማዱ፣ «ምነው፣ ያለ እኔ ስብሰባ ተጀመረ?» አለ። ወረቀቱን እጄ ላይ ሲያየው ድምፁን አለሰለሰ።

«ቀስ ብለን እናስረዳሻለን ብለን እኮ ነው። አንቺ ነገ የራስሽ ቤት፣ የራስሽ ኑሮ ይኖርሻል። ከዚያ ወርክሾፑ ማንን ይዞ ይቀጥላል? መጋዘን ግን ቁጭ ብሎ ያበላል። አባባም ደክሟል።»

«ለእኔ መንገር ነው ያደከማችሁ?»

«ይኸው! ለዚህ ነው የማንነግርሽ። ወዲያው ሆድሽ ይብሳል።»

አባቴ በመሃል ገባ። ፊቱ ትንሽ በርቷል። «ደግሞ እኮ ሁሉም አልቀረም! የኋላው ሲሶ የእኛ ነው። ከወንድምሽ ጋር ጨርሰናል። ክፍልሽ አለች፣ መስኮቶቹም አሉ፣ የኋላ በሩም አለ። እንደ ሣልሽው ነው፤ ትንሽ ጠበብ ይላል እንጂ።»

ፕላኑን አየሁት። ማንበብ አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ዐሥራ አምስት በዐሥራ ስምንት፣ ከፍታው ሰባት፣ ዕቃ እስከ ጣሪያ ለመደርደር። አንድ ተንሸራታች በር፣ ከፊት። የቀረው ዙሪያውን ድፍን ቆርቆሮ ነው። የኋላ ሲሶ የሚባል ነገር የለም።

ቀና ስል ወንድሜ ያየኛል። በአባቴ ትከሻ ላይ አሻግሮ፣ ጭንቅላቱን በትንሹ ነቀነቀ። በቤታችን ቋንቋ፣ አሁን አትንገሪው፣ በኋላ ማለት ነው። እንዳዝንለት አልነበረም፤ እንድተባበረው ነበር የፈለገው። ለሁለት ወር ያህል ሁለቱ በእኔ ትከሻ ላይ እንዲህ ሲተያዩ መክረማቸው ያኔ ገባኝ።

«አባዬ፣» አልኩ፣ «መነጽርህን አድርግ።»

«ለምን?»

«መስኮቶቹን አሳየኝ።»

ከኮቱ ኪስ መነጽሩን አወጣ። ወረቀቱን ብረቱ ላይ ዘረጋሁለት። ጣቱ ከፊት በሩ ተነሥቶ በግድግዳው መስመር ላይ ሄደ፤ ጥጉን ዞረ፤ በሰሜን በኩል ቀስ ብሎ አለፈ፤ ኋላውን ዞሮ ተመልሶ በሩ ላይ ደረሰ። ቆም አለ። ሁለተኛ ጊዜ ዞረ።

«አይታየኝም» አለ።

«ስለሌለ ነው።»

«ክፍሏስ?»

«እሷም የለችም።»

አባቴ ወደ ወንድሜ ዞረ። «የታለ?»

«በኋላ ቆርቆሮውን ቀደድ አድርገን እናወጣዋለን ብዬ…»

«ሲፈርም አላነበቡለትም?» አለኝ ገጣጣሚው በጆሮዬ።

«ልጁ ነው የሰጠው» አልኩት።

«ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል» አለና ወደ ሠራተኞቹ ሄደ።

አባቴ የምሰሶዎቹ ክምር ላይ ተቀመጠ። የሰርግ ኮቱ ጀርባ ላይ የዝገት መስመር ወጥቶበታል። ዓይኖቹን ወደ እኔ አነሣ። ዕንባ አቅርሯል።

«አየሽ? ሁለታችንንም አታለለን» አለኝ።

እጄን ዘረጋ። እኔም ልይዘው ቃጣኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ያ እጅ ሲዘረጋ ሳልይዘው ቀርቼ አላውቅም። አሁን ግን አብረን የተበደልን እንድንመስል መፈለጉ፣ ከመጋዘኑ ይልቅ አመመኝ።

«አይደለም፣ አባዬ። እሱ ያታለለው አንተን ነው። እኔን ያታለልከኝ አንተ ነህ።»

ጮኼ አልተናገርኩም። ያም ሆኖ ሠራተኞቹ ሁሉ ሥራቸውን አቆሙ። የአባቴ እጅ ጉልበቱ ላይ ተመለሰ።

ገጣጣሚው ትንሽ ጠበቀና መጣ። ማንን እንደሚጠይቅ ግራ ገብቶት ሦስታችንንም ካየ በኋላ እኔ ላይ ቆመ። «እኅቴ፣ አዲስ የጉድጓድ ቦታ የሚሰጠኝ እፈልጋለሁ። ስምንት ነው።»

«እስከ ምሳ ሰዓት ሥዬ እሰጥዎታለሁ» አልኩ። «ከዚያ በኋላ ላለው ወንድሜን ይጠይቁ፤ መጋዘኑ የእሱ ነው። እኔ ነገ የለሁም።»

«የት ልትሄጂ?» አለ አባቴ።

«ሥራ ልፈልግ።»

«የትም እንዳትሄጂ» ሊል አፉን ከፈተ መሰለኝ።

«እነዚህስ ብሎኖች?» አለ ገጣጣሚው። «አሮጌው መሠረት ላይ እንዲህ ከቀሩ ሰው ይጥላሉ። ልቁረጣቸው ወይስ ይቆዩ?»

ወንድሜ አባቴን አየው፣ አባቴ እኔን።

«ይቆረጡ» አልኩ።

መቁረጫው ሲነሣ ጥርስ የሚያንገጫግጭ ድምፅ ጓሮውን ሞላ። ሜትሬን ይዤ ከመጀመሪያው አዲስ ጉድጓድ ቦታ ጀመርኩ። አባቴ ከተቀመጠበት አልተነሣም። ብሎኖቹ በየተራ ሲወድቁ እሰማ ነበር፤ ሳልፈልግ ስቆጥር፣ ሠላሳ ላይ ስደርስ መቁጠሩን ተውኩ።