ፊት የሌለው ቁራጭ

ሎላ ኦንያንግ ውሉን ለሦስተኛ ጊዜ አነበቡት። እናቷ ኩዌት ከሄደች ወዲህ እሳቸው ያሳደጓት የልጅ ልጃቸው ጆቬሊን መስታወቱ ፊት ቆማ ከንፈሯን ትቀባለች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ዛሬ ሄዳ ትፈርማለች፤ በስልክ ለአዋቂዎች የሚታይ ፊልም ላይ ዋና ተዋናይ ልትሆን ነው።

«ሎላ፣» አለች፤ በቋንቋቸው አያቴ ማለቷ ነው። «ሊሸመድዱት ነው እንዴ? ይስጡኝ፣ ጂፕኒ ታክሲው ያመልጠኛል።»

«ቆይ እስቲ። ቁርስሽን እንኳ አልቀመስሽም። ይሄ ምን ማለት ነው? በተዋናይቷ ምትክ የሌላ ሴት ገላ ማሳየት ይቻላል ይላል።»

«እሱንማ እኔው ነኝ ለምኜ ያስገባሁት!» ጆቬሊን ሳቀች። «እኔ ልብሴን አላወልቅም። እርቃን የሚፈልጉበት ቦታ ሌላ ሴት ትገባለች፣ ፊቷ አይታይም። እንደ እርስዎ ዘመን መሰለዎት? ዘንድሮ ሁሉም ነገር በወረቀት ነው።»

ሎላ ኦንያንግ ያንን መስመር ደግመው አነበቡት። ቤተሰቡ የሚያውቀው ወጣት ሳሉ የፊልም ሰዎች ልብስ ሰፊ እንደነበሩ ነው። ሰፊም ነበሩ። ግን የዛሬ ሃምሳ ዓመት፣ ቦምባ የሚባሉት የወሲብ ፊልሞች አገሩን በሞሉበት ጊዜ፣ ሲንጊት የሚሉት ነገር ነበር። ሳንሱር ፊልሙን አይቶ ካሳለፈው በኋላ የሲኒማ ቤቱ አጫዋች መሀል ላይ በማጣበቂያ የሚቀጥለው የእርቃን ቁራጭ ፊልም ነው። ፍተሻ መጣ ሲባል ቆርጦ ኪሱ ይከተዋል።

«ሎላ፣ ይስጡኝ እንጂ፤ ረፈደ።»

«ሮሳልቫ የምትባል ተዋናይት ነበረች» አሉ ሎላ። «የባታንጋስ ከተማ ልጅ። ፊልሙ ላይ ከነቀሚሷ ወንዝ ገብታ ታጠበች፣ የሷ ሥራ ያ ብቻ ነው። የአገሯ ሲኒማ ቤት ግን ከወንዙ ቀጥሎ የሌላ ሴት ገላ ለጠፈበት። አባቷ ከጎረቤት ጋር ተቀምጦ አየ። እኔ አይደለሁም ብላ ማለች፤ ማን ይስማት? ልብሷን በመስኮት ወረወረላት። እናቷ ስትቀበር እንኳ ከቤተ ክርስቲያን በር መለሳት።»

«ያቺኛይቱስ ለምን ወጥታ እኔ ነኝ አትልም? ምን ዓይነት አረመኔ ናት!»

ሎላ ኦንያንግ መነጽራቸውን አወለቁ። አሁን ካልተናገሩ ልጅቷ መሄዷ ነው።

«እናትሽ የስምንት ወር ሕፃን ነበረች። የወተት መግዣ አልነበረኝም። ፊትሽ አይታይም አሉኝ።»

ጆቬሊን የከንፈር ቀለሙን እንደያዘች ዞረች።

«ሮሳልቫ ቀሚስ ልትለካ እኔ ዘንድ ትመጣ ነበር» አሉ፤ ከጀመሩ ማቆም አቃታቸው። «እያለቀሰች ነገረችኝ። አፌ ውስጥ መርፌ ይዤ ነበር። ምንም አላልኳት።»

«ስንት ፊልም ላይ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ። ቁራጩ እነሱ ጋ ነው የቀረው። የት የት እንደቀጠሉት ማን ያውቃል?»

ጆቬሊን ውሉን ከእጃቸው ወሰደች። ለሁለት ቀደደችውና የደረቀው ዓሣ ሳህን አጠገብ አስቀመጠችው። ሎላ ኦንያንግ ትንፋሻቸው መለስ አለ።

ልጅቷ ቦርሳዋን አንጠለጠለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከቤት ስትወጣ ለምርቃት የአያቷን እጅ ይዛ ግንባሯን ሳታስነካ ወጥታ አታውቅም፤ ተኮራርፈው እንኳ ቢሆን። ሎላ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ዘረጉ።

«ዣንጥላ ያዢ፣ ሊዘንብ ነው።»

ጆቬሊን የተዘረጋውን እጅ አየችው። ጣቶቹን፣ ክንዱን፣ ትከሻውን፣ እስከ አንገታቸው ድረስ። ፊታቸውን ግን አላየችም። ግንባሯን ሳታስነካ ዣንጥላውን ከሚስማሩ ላይ አውርዳ ወጣች።