ሃያ እርምጃ ሄዶ የሚዞር አንበሳ

ዱካ ማንበብ ያስተማረኝ አባቴ ነው። የጠፋ ከብት ፈልጎ ባዶ እጁን የተመለሰበት ቀን የለም ይሉታል፤ እኔም ባልበልጠው አላንሰውም። ስሜ ኦቱሲ ነው። ከደቡብ አፍሪካዋ ፍራይበርግ ከተማ በመኪና ሁለት ሰዓት ወደ ምዕራብ፣ ቀይ አሸዋና ግራር በሞላበት አገር፣ በፍሊፕ የአደን እርሻ ላይ አሥራ አራት ዓመት አዳኞችን መርቻለሁ።

ፍሊፕ ጌታዬም አብሮ አደጌም ነው። እናቴ አባቱ ቤት ትሠራ ስለነበር ጥንቸል ያባረርነው አብረን ነው። ነጭ ይሁን እንጂ የእኛን ትስዋና እንደኔው ይናገራል፤ ስድቡንማ ከእኔ አብልጦ ያውቀዋል። ለብቻችን ስንሆን «ፍሊፕ» እለዋለሁ፤ እንግዳ ፊት «ጌታዬ» ነው። እሱ ደግሞ «ታው» ይለኛል። አንበሳ ማለት ነው፤ ወገናችን የሚጠራው በአንበሳ ስለሆነ። የእኛ ወገን አንበሳ አይገድልም። እኔ ሥራዬ ማሳየት እንጂ መግደል አይደለም እያልኩ ራሴን ስደልል ኖሬአለሁ።

ድሮ የምናሳድነው ሳላና ድኩላ ነበር። አንበሳ የመጣው ኋላ ነው። በሽቦ ቤት ተወልደው፣ በጡጦ አድገው፣ የሰው እጅ ለምደው በጭነት መኪና ይመጡልናል። በማደንዘዣ እንደተኙ አውርደን ትልቁ አጥር ውስጥ እንለቃቸዋለን። ከጥቂት ቀን በኋላ ከባሕር ማዶ አዳኙ ይመጣል። አጥሩ ሰፊ ስለሆነ መሐሉ ላይ የቆመ ሰው ሽቦ አይታየውም። የኔ ሥራ ሽቦው እንዳይታየው ማድረግ ነበር። በመጀመሪያው ቀን «ይሄ የቆየ ዱካ ነው» እላለሁ። በሁለተኛው «የትናንት ነው» እላለሁ። በሦስተኛው ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ በሆዴ እሳባለሁ፤ አንበሳው የት እንደተኛ ግን ከመጀመሪያውም አውቃለሁ። ሰውየው በላቡ ያገኘው ይመስለዋል። አገሩ ሲገባ ለልጅ ልጆቹ ያወራዋል።

ባለፈው ሰኔ የመጣው ግን ቦሁሚል የሚባል የቼክ አገር ሽማግሌ ነበር። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሥጋ ቤት ሲሠራ የኖረ፣ ሚስቱን አስታሞ የቀበረ፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው። እንደ ሌሎቹ እንግዶች በረንዳ ላይ ተቀምጦ መጠጥ አይጠብቅም። ጠዋት ተነሥቶ እንጨት ይፈልጣል። በሁለተኛው ቀን ምሳ ከእኛ ጋር ካልበላሁ ብሎ ድርቅ አለ።

ባለቤቴ ኬኔይልዌ የበቆሎ ገንፎና ጎመን አቀረበች። ሽማግሌው እንደ እኛ በእጁ ቆረስ አደረገና ጣቶቹ ተቃጠሉ።

«ቀስ ይበሉ እንጂ አባቴ! ገንፎው አይሮጥም፤ አያሳድደንም» አለችው።

ተረጎምኩለት። እንባው እስኪወርድ ሳቀና ወደ እኔ ዞረ። ሁለታችንም እንግሊዝኛ የምንናገረው እየተሰባበረ ነው፤ ለዚህም ሳይሆን አይቀርም የተግባባነው።

«ወዳጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይሄ አንበሳ አገሩ እዚህ ነው?»

«አንበሳ አገሩ አፍሪካ ነው፣ አባቴ።»

ራሱን ነቀነቀ፣ ደስ አለው። እጁን ሊታጠብ ሲወጣ ባለቤቴ ሳህኑን እያነሳች እንዲህ አለችኝ፦

«ግሩም አድርገህ መለስክለት፣ የሴያቤሎ አባት። ዓሣም አገሩ ውኃ ነው። ቆርቆሮ ውስጥ ታሽጎ የሚሸጠውም ጭምር።»

«እንጀራችን ነው» አልኳት።

«አልካድኩም። እኔም በልቻለሁ» አለችና ሄደች። እሷ ብትቆጣ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። ደግሞም የአንበሳው ክፍያ ሲመጣ ነው ልጃችን ሴያቤሎ የመንጃ ትምህርቱን የጨረሰው። ሁለታችንም ይህን እናውቃለን።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሦስታችን ወጣን። ፍሊፕ ለደኅንነት ጠመንጃውን ይዞ ከኋላ ይከተላል፣ ስልኩንም ያያል። እኔ እንደ ልማዴ ከአጥሩ አርቄ ላዞር ስል ሽማግሌው ቆመ። ቁጢጥ አለና አሸዋው ላይ ጣቱን አደረገ።

«ይሄው» አለ። «ወንድ ነው። ጠርዙ አልፈረሰም። የጤዛ ነጥብ የለበትም፤ ጤዛው ከወረደ በኋላ ነው ያለፈው።»

ልክ ነበር። ዕድሜውን በሙሉ በአገሩ ጫካ የዱር አሳማ ሲያድን የኖረ ሰው ነው ለካ፤ እኔ የማስመስለውን እሱ በእውነት ያውቀዋል። እኔ ልሄድ ወዳላሰብኩት አቅጣጫ እየመራ ወሰደኝ። ጉልበቱን የሚያመው መሆኑን ረስቶታል። ፊቱ የልጅ ፊት ሆኗል። እኔ ግን ዱካው ወዴት እንደሚያደርሰን ከትናንት ወዲያ አይቼዋለሁ።

ግራሮቹ ያልቁና ሜዳ ይመጣል። ሜዳው መሐል ላይ እንደ ከብት መንገድ የተረገጠ መስመር አለ። ቀጥ ያለ፣ አሸዋው የደቀቀ። ሽማግሌው ተከተለው። አንድ፣ ሁለት እያልኩ በልቤ ቆጠርኩ። ሃያ እርምጃ ላይ መስመሩ ቆመ። ዱካው ዞሮ በዚያው በመጣበት ተመልሷል። ሽማግሌውም ተመልሶ ወደ መነሻው ሄደ። እዚያም ዱካው ዞሯል። መቶ ጊዜ፣ ሁለት መቶ ጊዜ፣ ሃያ ሄዶ መዞር፣ ሃያ ሄዶ መዞር። በፊቱ ዛፍ የለ፣ ድንጋይ የለ፣ ሽቦ የለ።

«ምን አግኝቶት ነው እዚህ ጋ የሚዞረው?» አለኝ።

አባቴ ዱካ አይዋሽም ይል ነበር። መዋሸት የነበረብኝ እኔ ነኝ። «የሴት አንበሳ ሽታ ነው» ብል ኖሮ ምናልባት ያምነኝ ነበር። አፌ ላይ መጥቶልኝም ነበር።

«ያደገበት ቤት ርዝመቱ ሃያ እርምጃ ነው፣ አባቴ» አልኩት።

ሽማግሌው አሸዋው ላይ ተቀመጠ። አንበሳው አርባ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ቁጥቋጦ ሥር ተጋድሞ ያየን ነበር። አልተነሣም፣ አላገሣም። አዛጋ። በአንድ በኩል አንገቱ ላይ ጎፈሩ ተመልጧል፤ ከሽቦ ጋር ሲታከክ የኖረበት ነው።

ፍሊፕ ደረሰብን። «በጣም ጥሩ ነው! ተዘጋጅቶልዎታል። ትከሻው ሥር ይያዙት።»

ሽማግሌው ጠመንጃውን አነሣ። በጠመንጃው መነጽር ረጅም ጊዜ አየና አወረደው። «አርባ ዓመት አሳማ አርጃለሁ» አለ። «በማረዴ አላፍርም። ነገር ግን ማረዴን አደን ነው ብዬ ለማንም አውርቼ አላውቅም።»

ፍሊፕ ወደ እኔ ዞሮ በትስዋና፣ «አንተ ታው፣ ምን ብለህ ነው ያበላሸኸው?» አለኝ።

«ዱካው ነው የነገረው። እኔ የጨመርኩት አንድ ቃል ነው።»

«አፍህ ዝንብ ይግባበት!»

ሽማግሌው ነገሩ ገባው መሰለኝ ጣልቃ ገባ። «እሱን ተወው። ካልተኮስኩ ምን ይሆናል?»

ፍሊፕ ብዙ ጥፋት አለበት፤ ፊት ለፊት ሲጠየቅ ግን አይዋሽም። «ሌላ ሰው ይተኩሳል» አለ።

«እዚሁ ይኑራ።»

«ማን ያበላዋል? አድኖ መብላት አያውቅም።»

«ወደ መጣበት መልሰው።»

«ከመጣበት አይቀበሉትም። ቢቀበሉትም አጥንቱን ሊሸጡ ነው የሚያርዱት።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረ። ዓይኖቹ ቀልተዋል። «አንተስ፣ ወዳጄ? እኔን ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?»

«እኔ እንጃ፣ አባቴ» አልኩት። ከሦስት ቀን ወዲህ የነገርኩት ሁለተኛው እውነት ይኸው ነበር።

ጥይቱን አውጥቶ ኪሱ ከተተ። በማግስቱ ሲሄድ ጨብጦኝ፣ «አዳንከኝ» አለ። ስልክ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። መኪናው አቧራ እያስነሣ ሲርቅ፣ ከምን ነው ያዳንኩት ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ቢሆንም ደስ ብሎኝ ነበር። ለአሥር ቀን ያህል ጀርባዬን ቀና አድርጌ ሄድኩ። ባለቤቴ እንኳ «ምነው፣ ሚስት ልትጨምር ነው?» ብላ ቀለደችብኝ።

ከዚያ ፍሊፕ ሌላ አዳኝ መምጣቱን ነገረኝ። ጎልማሳ ነው፤ በቀስት የሚያድን።

«ለዚያው አንበሳ?»

«ለዚያው።»

«እኔ አልወጣም፣ ፍሊፕ።»

ይጮህብኛል ብዬ ነበር። አልጮኸም። ኮፍያውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ። «እሺ፣ ታው። አላስገድድህም። ፒተርን እወስዳለሁ።» ፒተር የአጥር ሠራተኛ ነው፤ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ዱካ ግን አያውቅም። ይህን እኔም ፍሊፕም እናውቃለን።

ያን ቀን ቤቴ ዋልኩ፤ የዶሮ ቤት ጠገንኩ። እጄ ንጹሕ ነው እያልኩ ሚስማር መታሁ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ፍሊፕ ደጄ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ያደረው በልብሱ ነው።

«ታው፣ እባክህ ተነሥ። ሆዱን ነው የወጋው። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ፈልገን አጣነው።»

እኔ እዚያ ብኖር በአንድ ሰዓት ውስጥ አገኘው ነበር። ይህን አላለኝም፤ ማለትም አላስፈለገውም።

በመኪና ሄድን። አዳኙ ማረፊያው ቀርቷል፤ ደክሞታል አሉ። ደሙን ያገኘሁት ፒተር ሦስት ጊዜ ካለፈበት ቦታ ነው። ጥቂት ነው፤ ጠቁሯል፤ ፈርስ ተቀላቅሎበታል። ተኝቶ ተነሥቷል፣ ተኝቶ ተነሥቷል። አሥራ አንድ ቦታ የተኛበትን አገኘሁ። ወደ ቁጥቋጦው ስንጠጋ ፍሊፕ መኪናዋን ቀስ አድርጎ አስጠጋት፣ የቆሰለ አንበሳ አደገኛ ነውና።

አደገኛ አልነበረም። የሞተሩን ድምፅ ሲሰማ ከቁጥቋጦው ወጣ። ፍላጻው ጎኑ ላይ ተሰክቷል፤ የኋላ እግሩ ይጎተታል። ወደ መኪናዋ መጣ። ከጡጦው ጀምሮ ምግብ ይዞለት የሚመጣው መኪና ነዋ። አጠገባችን ደርሶ ቁጭ አለ፣ ቀና ብሎም አየን።

ፍሊፕ በአንድ ጥይት ጨረሰው። ከዚያ ጠመንጃውን የመኪናዋ ኮፈን ላይ አስቀምጦ ብዙ ጊዜ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ።

«ሽማግሌው ቢተኩስ ኖሮ» አለ ሳይዞር፣ «እንኳን ሊሰቃይ፣ የተኩሱን ድምፅም ሳይሰማ ይወድቅ ነበር። ይህን ታውቃለህ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምላስህ ለማን በጀ?»

ማታ ለባለቤቴ ይህንኑ ነገርኳት። ሸክላውን እያጠበች ሰማችኝና «አንበሳውን በመኪና ጭኖ ያመጣው ምላስህ ነው እንዴ?» አለች። እውነቷን ነው። ነገር ግን መኪናው በመጣ ጊዜ እግሩን ይዘው ካወረዱት አራት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ያኔም ምላሴ ዝም ብሎ ነበር። ስናገርም፣ ዝም ስልም፣ ስወጣም፣ ስቀርም፣ ሁሉም መንገድ እዚያው ቁጥቋጦ ጋ ሲያደርሰኝ ሰነበተ።

ፍሊፕን ወደ ከብቱና ወደ ውኃ ፓምፖቹ አዛውረኝ አልኩት፤ እሺ አለ። ደመወዜ ቀነሰ፣ ወዳጅነታችን አልቀነሰም። ከዚያ ወዲህ ሦስት አንበሳ መጥቷል። ፒተር ዱካ እንዳስተምረው ለመነኝና አስተማርኩት፤ የቆሰለ እንዳይጠፋበት ብዬ። ባለቤቴ «ጥሩ አደረግህ» አለች፤ ቆይታ ደግሞ «አይ፣ ጥሩ ማድረግህን እንጃ» አለች።

በመስከረም ሽማግሌው ደወለ። ቁጥሬን ከፍሊፕ ጠይቆ ነው። «አንበሳዬ እንዴት ነው?» አለኝ። አንበሳዬ ነው ያለው።

ደህና ነው ማለት እችል ነበር። «ሞተ፣ አባቴ» አልኩት።

«ቶሎ ነው?»

«ቶሎ አይደለም።» ፍላጻውን፣ ሌሊቱን ሁሉ ነገርኩት፤ ወደ መኪናዋ መምጣቱን ግን አልነገርኩትም።

 በስልኩ ውስጥ የግድግዳ ሰዓት ሲያንኳኳ ይሰማኛል። «ታዲያ ምን ማድረግ ነበረብኝ?» አለ በመጨረሻ።

«እኔም አንተን ልጠይቅ ነበር» አልኩት።

አሁን በየሁለት ሳምንቱ እሁድ ከሰዓት በኋላ ይደውላል። ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ዝናባችን ያወራል፤ ኬኔይልዌን ሰላም ይላል። አንዳንድ እሁድ ግን «መተኮስ ነበረብኝ፣ ኦቱሲ። ለኩራቴ ብዬ ነው የተውኩት» ይለኛል። ሌላ ጊዜ ደግሞ «ባለመተኮሴ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ» ይላል። ሁለቱንም ጊዜ «እውነትህን ነው፣ አባቴ» እለዋለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ከልቤ ነው።